ከጀርመንኛ ቀጥሎ

አባቴ ሰባት ቋንቋ ይችላል ይባላል። ዳባት ውስጥ ይህን የማይል ሰው የለም። መናኸሪያ ያለው ትኬት ቆራጭ እንኳ «የመምህር ፍቅረ ሥላሴ ልጅ አይደለሽ? የዚያ የሰባት ቋንቋው?» ብሎ የፊት ወንበር ይይዝልኛል። እኔ ሰባቱንም ሰምቻቸዋለሁ። በሰባቱም ሰላም ይላል፣ ስሙን ይናገራል፣ ሰውየው ከየት አገር እንደመጣ ይጠይቃል። መልሱን ግን በአንዱም አይሰማም። ስለዚህ ከጠየቀ በኋላ ይስቃል፤ እንግዳውም ይስቃል፤ ዳር ቆሞ የሚያየው የዳባት ሰው ደግሞ ተግባቡ ብሎ ይመሰክራል።

እንግሊዝኛን ከሰባቱ አይቆጥረውም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ያስተማረው እሱን ነበር፤ የጨረሰው ነገር ስለሆነ አያስደስተውም።

ጀርመንኛን የጀመረው ለደን ሥራ መጥቶ ቤታችን አጠገብ የተከራየ አንድ ጀርመናዊ በነበረ ጊዜ ነው። ፈረንሳይኛን ደግሞ ራስ ዳሸን ሊወጡ መጥተው ዝናብ ዳባት ላይ ያሳደራቸው ሁለት አሮጊቶች አስጀመሩት። ቻይንኛ የመጣው ከአስፋልቱ ጋር ነው። ድሮ የአያቴ ጎረቤት የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን የልጅ ልጅ የዘመዶቿን መንደር ልታይ ከእስራኤል መጥታ ፊደሉን በናፕኪን ላይ ጽፋ ሰጠችው፤ ዕብራይስጥም በዚያ ናፕኪን ላይ ቀረ። የተራሮቹን ስም ትርጉም እፈታለሁ ብሎ አገውኛ ጀምሮ ከሰላምታው ሳያልፍ ያስተምረው የነበረው ሽማግሌ ሞተ። ግዕዝን በየዐቢይ ጾሙ እንደ አዲስ ይጀምረዋል፤ ጾሙ ሲፈታ ግዕዙም አብሮ ይፈታል። ትግርኛን ሲጠይቁት «እሱማ ጎረቤት ነው፤ የትም አይሄድብንም» ይላል።

ሁሉም የቆሙበት ምክንያት አንድ ነው፤ ጊዜ። «ዕድሜ አጠረ እንጂ!» ይላል ደጅ ተቀምጦ፤ የሚሰሙት ሰዎችም ከንፈራቸውን ይመጥጡለታል። ላም አያልብ፣ ማሳ አያርስ፤ ከቁርስ እስከ ምሳ ራዲዮ ይሰማል፤ ከምሳ እስከ ማታ ደግሞ ጊዜ አጣሁ ይላል። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ሰልችተውኛል። የማይማሩትን ቋንቋ እንደ ሞተ ዘመድ ያለቅሱለታል። ቋንቋ የሚማር ሰው ይማራል፤ የማይማር ደግሞ ያዝናል፤ ኀዘኑም ከመማር ይልቅ ያስከብረዋል።

ታናሽ እህቴ ይታይሽ አትሰማም። ሕፃን ሳለች ማጅራት ገትር ይዟት ነበር፤ እሷ ዳነች፣ ጆሮዋ አልዳነም። ጎንደር መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ክፍል ገብታ የምልክት ቋንቋ ተማረች። እኔም እዚያው ዩኒቨርሲቲ የውሃ ምህንድስና ስማር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ኖርን፤ በዚያ ጊዜ ቋንቋዋን ለመድኩት። ተሰጥኦ ኖሮኝ አይደለም። አብሮ የሚኖር ሰው «ሳሙናውን የት አደረግሽው?» ማለቱ አይቀርም።

ትምህርት ቤቷ አንድ ቀን ወላጆችን ጠርቶ ነበር። አባቴ ኮት ለብሶ መጣ። አስተማሪዋ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በጣቶቿ አሳየችው፤ እያንዳንዱ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በእጅ እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚረባም አሳየችው። አባቴ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እጹብ ነው!» አለ። «ከጀርመንኛ ቀጥሎ የምገባበት ይህ ነው!»

ጀርመንኛው እስካሁን አላለቀም።

እናታችን በሕይወት ሳለች በሁለቱ መካከል ነበረች። እሷ ከሞተች ወዲህ አባቴና እህቴ ባንድ ቤት ውስጥ እንደ ሁለት ተከራይ ይኖራሉ። ይታይሽ ቀን ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች፤ ማታ ትመጣለች። አባቴ የራሱን ምልክት እየፈጠረ ያናግራታል። ሻይ ሲፈልግ ስኒ ያነሳል፤ ዝናብ ሊመጣ ነው ለማለት ጣቶቹን ያረግፋል። «እኛ እኮ ያለ ቋንቋም እንግባባለን» ይላል ለሰው። ያለ ቋንቋ መግባባት ከበግም ጋር ይቻላል።

ባለፈው ሳምንት ደባርቅ ቢሮዬ ተቀምጬ ሳለሁ አባቴ ደወለልኝ።

«እንኳን ደስ አለሽ ባንቹ! እህትሽ ልትዳር ነው።»

«ለማን?»

«ለፀጋው። የአቶ ገዱ የወንድም ልጅ፤ ወደ ተራራው፣ ሳንቃ በር ለሚወጡ እንግዶች በቅሎ የሚያከራየው። ሽማግሌ ልከው ነበር፤ ቀጠሮ ሰጠኋቸው። እሑድ ለመልሱ ይመጣሉ።»

«እሷ ምን አለች?»

«እሺ አለች።»

«ማን ጠየቃት?»

«ማን ይጠይቃታል? አባቷ አይደለሁም እንዴ?»

«በምን ቋንቋ?»

ሳቀ። «በሰባቱም አይደለም» አለ፣ ደስ ብሎት።

ለይታይሽ መልእክት ልልክላት ብሞክር ዳታ ከተዘጋ ቀናት አልፈው ነበር፤ አጭር መልእክትም አልሄድ አለኝ። እሷን ደግሞ ደውሎ ማናገር አይቻልም። እሑድ ማለዳ በመጀመሪያው ሚኒባስ ዳባት ገባሁ። ይታይሽ ፀጉሯን ታጥባ ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስታየኝ ደነገጠች፤ ሳልነግራት መምጣት ልማዴ አይደለም።

«ፀጋውን ታውቂዋለሽ?» አልኳት በእጄ፣ ስሙን ፊደል በፊደል ሠርቼ።

«የቱን ፀጋው?»

«በቅሎ የሚያከራየውን።»

«አሃ፣ ወሬኛውን!» አለች። «የኮርቻ ልብስ ሊያሰፋ ይመጣል። ወንበር ስቦ ስፌት መኪናዬ ፊት ይቀመጥና ያወራል፣ ያወራል። እኔ እሰፋለሁ። አንዳንዴ ቀና ስል እስቅለታለሁ፤ ሲያወራ አፍንጫው ይንቀሳቀሳል። ምን ሆነ?»

«ሽማግሌ ልኮልሻል። አባባ ጠይቄያት እሺ ብላለች ይላል። ዛሬ መልስ ሊሰጣቸው ነው።»

እጆቿ አየር ላይ ቀሩ። ከፀጉሯ ውሃው ቀሚሷ ላይ ይንጠባጠባል።

«እኔ?» አለች። «መቼ?»

«ባለፈው የመጡትን ሽማግሌዎች አላየሻቸውም?»

«ጠላ ቀድቼላቸዋለሁ። እሱ ጋ ሽማግሌ ሁልጊዜ ይመጣል። የተጣላ ሊያስታርቁ መስሎኝ!»

ቤት ገባሁ። አባቴ ኮቱን ለብሶ መስታወት ፊት ቆሟል።

«አባባ፣ እንዴት እንደጠየቅካት እስቲ አሳየኝ።»

በኩራት ነው ያሳየኝ። ሁለት እጁን ራሱ ላይ አቁሞ የበቅሎ ጆሮ ሠራ፤ አርገበገበው። የቀለበት ጣቱን ነካ። ከዚያ ወደ እሷ እንደጠቆመው ሁሉ ወደ እኔ ጠቆመ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንዲህ አደረገችልኝ።» ቅንድቡን ወደ ላይ ብድግ አደረገ። በእኛ አገር ሰው አፉን መክፈት ሲታክተው እሺ የሚለው እንደዚህ ነው፤ ቅንድቡን ያነሳል፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል፤ አለቀ።

«ትንፋሿንስ ሳበች?»

«ቅንድቡ አይበቃም?»

«አባባ፣ በእሷ ቋንቋ ቅንድብ ማንሳት እሺ አይደለም። ጥያቄ ነው። እኛ በድምፃችን ‹ወይ?› የምንለውን እሷ በቅንድቧ ነው የምትለው።»

«ቅንድብ ቅንድብ ነው» አለ። «ደግሞ ቅንድብም ሰዋስው አለው?»

ጀርመኖች ለማንኪያና ለሹካ የተለያየ ጾታ መስጠታቸውን ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ እየተደመመ የሚያስረዳ ሰው ነው ይህን ያለኝ።

«በወረቀት ብትጽፍላትስ ምን ነበረበት? አማርኛ ታነባለች፤ አንተ ነህ ጎንደር የሰደድካት።»

«የትዳር ነገር በወረቀት? ቀበሌ ነው እንዴ ልጄ?» አለና ክራባቱን አስተካከለ። «በይ አሁን አታደናግሪኝ። ቃል ወጥቷል።»

ልመልስለት ስል ደጅ ላይ «ቤቶች!» ተባለ።

ሦስት ነበሩ። ቄስ ሀብተ ሚካኤል ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጥተዋል። አቶ ገዱ፣ የልጁ አጎት፣ ከበር ጀምረው ይናገሩ ነበር። ሦስተኛው የገዱ አማች የሚባሉ ሰውዬ ናቸው፤ ከሰላምታ በቀር ትንፍሽ አላሉም። ተቀመጡ። ይታይሽ ጠላ ቀዳችላቸው፤ እኔ ሳልጠራ ገብቼ በር አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እንግዲህ መምህር» አሉ አቶ ገዱ፣ «የሰው ዘር ጠፍቶ አይደለም እዚህ ቤት የመጣነው። ልጅቱን አይተን ነው። ጨዋ ናት። አፍ የላትም። ያሁን ዘመን ልጅ አንድ ሲሏት ዐሥር ትመልሳለች፤ ይቺ ግን... እግዜር ያሳያችሁ፣ ልጃችን እኮ ምን አለን? ‹እንደ እሷ የሚያዳምጠኝ ሰው አላጋጠመኝም› አለን!»

ሳቄ አመለጠኝ። አቶ ገዱ ዞር ብለው አዩኝ።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

«ትልቋ ልጄ ባንቻየሁ» አለ አባቴ። «መሐንዲስ ናት፤ ደባርቅ ነው የምትሠራ።»

«አሃ፣ ትልቋ!» አሉ። ከዚያ ለቄሱ የሚናገሩ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እኔ ግን እንድሰማ፣ «ትልቅ ተቀምጣ ታናሽ ስትጠየቅ ቅር ይላል» አሉ።

ቄስ ሀብተ ሚካኤል በጭራቸው ዝንብ አባረሩ። «አንቱ መምህር፣ ባለፈው ልጄን ላማክር ብለው ቀጥረውናል። ምን ይዘው ቆዩን?»

አባቴ ተነሳ። እንደ ጡረታው ሽኝት ቀን ደረቱን ነፍቶ «ልጄ ፈቅዳለች» አለ።

«አልፈቀደችም» አልኩ።

አባቴ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፣ ራዲዮ እንደሚዘጋ ሰው።

«ምነው?» አሉ አቶ ገዱ። «አባት ፈቅዳለች ሲል እህት አልፈቀደችም ትላለች። ማንን እንስማ?»

«እሷን» አልኳቸው።

«እሷማ ደንቆ...» አሉና የቄሱን ፊት አይተው አቆሙት።

ቄሱ ወደ አባቴ ዞሩ። «መምህር፣ በምን ፈቀደች? እንዴት አድርጋ ነገረችዎ?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። «በቅንድቧ» አለ።

«በቅንድብ ካለችማ ብላለች!» አሉ አቶ ገዱ፣ የራሳቸውን ቅንድብ ብድግ አድርገው። ቄሱም ሳያስቡት አነሱ። ያ ዝምተኛው አማችም አነሱ። ሦስት ሽማግሌ ቁጭ ብለው እሺ፣ እሺ፣ እሺ ተባባሉ።

አስረዳኋቸው። በእሷ ቋንቋ ቅንድብ ሲነሳ የሚጠይቅ ነው፣ ያላለቀ ነገር ነው አልኩ። አቶ ገዱ አፋቸውን አጣመሙ። ቄስ ሀብተ ሚካኤል ግን ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ትንሽ አሰቡና፣

«ታዲያ ጥያቄዋ ምን ነበር?» አሉ።

እውነቱን ለመናገር እኔም አልጠየቅኳትም ነበር። ይታይሽ በጓዳው በር ቆማለች፤ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ የሁሉንም አፍ ተራ በተራ ታያለች። ጠየቅኳት። መለሰችልኝ። መልሱን ወደ አማርኛ ለማዞር ትንሽ ቸገረኝ፤ ቃሉ ከብዶኝ ሳይሆን ፊቴን መቆጣጠር ስላቃተኝ ነው።

«አባቷ የበቅሎ ጆሮ ሠርቶ፣ የቀለበት ጣቱን ነክቶ፣ ወደ እሷ ጠቆመ» አልኩ። «እሷም፣ ‹የማገባው በቅሎ ነው ወይ?› ብላ ነው የጠየቀችው።»

መጀመሪያ የሳቁት አማቹ ናቸው። ከመጡ ጀምሮ ያጠራቀሙት ድምፅ ሁሉ አንድ ላይ ወጣ፤ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንፈቀፈቁ። ቄሱ ወደ ጣሪያው አዩ። አባቴ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«የወንድሜን ልጅ በቅሎ!» አሉ አቶ ገዱ። «ለስድብ ነው የተጠራነው?»

«ተው ገዱ» አሉ ቄሱ። «ልጅቱ ያየችውን ነው የጠየቀች። እንግዲያስ አሁን በወጉ ትጠየቅ። አንቺ ልጅ፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪያት። የገዱ ወንድም ልጅ ፀጋው ለትዳር ይፈልግሻል፤ ምን ትያለሽ? በያት።»

እዚያች ላይ ብዙ ማድረግ እችል ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ የፈለግኩትን ብል ማንም አያውቅብኝም። ግን ጨምሮ ቀንሶ ማውራት የአባቴ ሙያ ነው። ቄሱ እንዳሉት አልኳት።

ይታይሽ አቶ ገዱን አየቻቸው። ከዚያ እጆቿን አነሳች፤ ቅንድቧንም።

«ቋንቋዬን ያውቃል ወይ? ትላለች።»

«ማን?»

«ፀጋው።»

አቶ ገዱ እጃቸውን አወናጨፉ። «ይማራላ! ምን ችግር አለ? እየዋለ እያደረ፣ ጊዜ ሲያገኝ ይማራል።»

«አሁን ምን ሥራ ይዞታል?» አልኳቸው።

«አሁንማ ምን ሥራ አለ? መንገዱ በጸጥታው ተዘግቶ ፈረንጅ የሚባል ዝር አይል። በቅሎዎቹም ቆመው ነው የሚውሉ።»

«ስለዚህ ጊዜ አለው።»

«አንቺ ልጅ፣ ነገር ትጎነጉኛለሽ!»

እዚህ ላይ አባቴ ገባ። ሊያግዘኝ እንዳይመስላችሁ። ራሱን እየነቀነቀ፣ ኀዘን ባዘለ ድምፅ፣ «እውነታቸውን ነው» አለ። «ጊዜ እኮ ነው ያነሰን። ሰው ፍላጎት አጥቶ አይደለም። እኔ ራሴ ይህን ቋንቋ ልማር ስንት ዘመን ሳስብ...»

ልጁ ይታይሽ አንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ ቆማለች። እሱ ግን ለሽማግሌዎቹ ነበር የሚናገረው፤ አቶ ገዱም እንደ ደጁ አድማጮች ከንፈራቸውን መጠጡለት። ሁለት የማያፍሩ ሰዎች ተገናኙ።

ሁሉንም ለይታይሽ ነገርኳት። የአቶ ገዱን፣ የበቅሎዎቹን፣ የአባታችንንም፤ እስከ ከንፈር መምጠጡ። አንድም አላስቀረሁም። እስከ መጨረሻው አየችኝ። ከዚያ ወደ ቤቱ መካከል ሁለት እርምጃ ገባችና አፏን ከፍታ፣ በድምፅ፣

«እንቢ» አለች።

ድምፅዋ ደስ የሚል አይደለም። ወፍራም ነው፤ ከየት እንደሚነሳና የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ልጆች ስለሚያላግጡባት ከሰው ፊት አውጥታው አታውቅም። የዚያን ቀን ግን የጎረቤት ውሻ እስኪጮህ ድረስ ወጣ። አማቹ ጋቢያቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

ቄስ ሀብተ ሚካኤል ተነሱ። «ሰምተናል» አሉ። «ይህስ አስተርጓሚም አላሻው።» በመስቀላቸው ግንባሯን ባርከው፣ ለአባቴ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ወጡ። አቶ ገዱ ግን አጥሩ በር ላይ ቆም ብለው፣ ሰፈሩ እንዲሰማ፣

«ሰባት ቋንቋ ያለው ሰው ቤት ገብተን በስምንተኛው ተባረርን!» አሉ።

አባቴ እስከ አጥሩ አልሸኛቸውም። ይታይሽ ያልተነካውን ጠላ ወደ ማድጋው መለሰች፣ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች፣ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ቦርሳዬን ፈልጌ ያዝኩ፤ ከሰዓት በኋላ የደባርቅ ሚኒባስ ይሳሳል። አባቴ ክራባቱን ፈትቶ እጁ ላይ ጠቅልሎታል።

«ገዱ ነገ ከተማውን ያዳርሰዋል» አለ።

«ዛሬውኑ እንጂ።»

ውጭ አቶ ገዱ ገና ከሰው ጋር ሲያወሩ ይሰማል። አባቴ ጆሮውን ሰጥቷቸው ቆየና ድንገት ቀና አለ። ፊቱ ላይ ያንን የማውቀውን ብርሃን አየሁ፤ አዲስ ቋንቋ ሊጀምር ሲል የሚመጣውን።

«ባንቹ፣ የዚህ የምልክቱ... መጽሐፍ አለው?»

አለው። መዝገበ ቃላትም አለው፤ ቪዲዮም ሞልቷል። ባመጣለት ምዕራፍ አንድን አንብቦ፣ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮ፣ ከጀርመንኛው አጠገብ ይደረድረዋል፤ በወሩ ደግሞ ለደጅ አድማጮቹ ስምንት ቋንቋ ይሆናል።

«የለውም» አልኩት።

«ምንም?»

«ምንም። ያለችው እዚያ ክፍል ውስጥ ናት።»

ወደ ተዘጋው በር አየ። ክራባቱን ከእጁ ፈትቶ ኪሱ ከተተ። ተነሳ። ኮቱን ከኋላ ሳብ ሳብ አደረገ፣ ፀጉሩን በመዳፉ አስተኛ፣ በሩ ዘንድ ደረሰ። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ቆሜ አየሁት።

አንኳኳ።

ትንሽ ጠበቀ። ጆሮውን ወደ እንጨቱ አስጠጋና ደግሞ አንኳኳ፣ አሁን ጠንከር አድርጎ፣ እንደ ጨዋ ሰው ሦስቴ። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «ይግቡ» እስኪባል ቆመ።

እኔ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።